መሪጌታ የቆጠሩት ቀን

በኅዳር ወር 2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተናኜ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ጣራው ላይ አሥር ጆንያ የደረቀ በርበሬ ጭኗል፤ ሹፌሩ ያ አልበቃ ብሎት ሁለት ጆንያ ከወንበር ሥር ከትቷል። ተሳፋሪው ከዳር እስከ ዳር ያስነጥሳል። «ይማርህ» የሚል እንኳ ጠፋ፤ ሁሉም በየራሱ ንጥሻ ተይዞ ማን ለማን ይበል?

ተናኜ ሁለት ቀን ሙሉ ስብሰባ ተቀምጣ መመለሷ ነው። በስብሰባው ላይ አንድ ኃላፊ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ «የጉልት ሚካኤል ቀበሌ የቤተሰብ ምጣኔ ተጠቃሚ ለምን አላደገም?» ብሎ በሰው ፊት ጠይቋት ነበር። መልሱን ታውቀዋለች። መልሱ ስም አለው፤ መሪጌታ ገብረሰንበት ይባላል። ግን የአንድ ሰው ስም ለስብሰባ መልስ ስለማይሆን «ግንዛቤ ይቀራል» ብላ ተቀመጠች።

ይህን እያሰበች ስትብሰለሰል የመኪናው በር ተከፈተና ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ጭራ የያዙ ሰው ጎንበስ ብለው ገቡ። ክፍት የነበረው ቦታ ከአጠገቧ ያለው ብቻ ነው። መሪጌታ ገብረሰንበት ራሳቸው ነበሩ።

እኒህ ሰው ክፉ ቢሆኑ ለተናኜ ይቀላት ነበር። ክፉ አይደሉም። በቀበሌው መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት የቆፈሩት እሳቸው ናቸው፤ አጎበር ተሰቅሎ መተኛትን ለተማሪዎቻቸው ያዘዙትም እሳቸው። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን በሚያሰላው የቤተ ክርስቲያን ቁጥር፣ በአካባቢው የሚስተካከላቸው የለም። ታዲያ ሁሉን የሚሰሙ ሰው በአንድ ነገር ብቻ ዓለት ናቸው፤ እሱም የወሊድ መከላከያ ነው።

ዓለት ባይሆኑ ኖሮ ተናኜም እንዲህ ባልተብከነከነች። የመሪጌታ ባለቤት ባንቺአየሁ ከሁለት ዓመት በፊት ስድስተኛ ልጇን ስትገላገል ደሟ አልቆም ብሎ፣ ስምንት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት አድርሷት፣ ከዚያ በጭነት መኪና ሆስፒታል ገብታ በሰው ደም ተርፋለች። ሐኪሙም መሪጌታን ወደ ጎን ጠርቶ፣ «ከእንግዲህ ከመውለድ ማረፍ አለባት፤ በሚቀጥለው እንደዚህ ላትመለስ ትችላለች» ብሏቸዋል። ሰምተዋል። አልቅሰዋልም።

«እንዴት ሰነበትሽ ልጄ?» አሉ መሪጌታ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ እያደረጉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ደህና ነዎት? እትዬ ባንቺአየሁስ?»

«ደህና ናት። በቁጥር ይዣታለሁ» አሉና ፈገግ አሉ።

ተናኜ ጥርሷን ነከሰች። ይህንኑ ቃል ሰምታው ታውቃለች። አራት ጊዜ ቤታቸው ሄዳ አራት ጊዜ «እኛ በቁጥር ነን፣ አንቺ ቁጥር የማያውቀውን ሂጂና ምከሪ» ብለው በአክብሮት ሸኝተዋታል።

መኪናው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ የኋላ ጎማው እንደ ጥይት ጮኸ። ሹፌሩ መሪውን ታግሎ ዳር አስያዘውና ሰው ሁሉ እያስነጠሰ ወረደ። ተናኜና መሪጌታ ከመንገዱ ፈንጠር ካለች ዋንዛ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ከኋላ ወንበር የወረደው የመንደራቸው ሰው ወንዳወቅም ተከትሏቸው መጣ። ወንዳወቅ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ገበሬ ነው፤ በልጅነቱ ከመሪጌታ ዘንድ ዳዊት ስለደገመ እስከዛሬ «የኔታ» ነው የሚላቸው።

«ምን ስታወሩ ነበር? ከኋላ ሆኜ ቁጥር ቁጥር የሚል ሰማሁ» አለ።

«ስለ ልጅ አራርቆ መውለድ ነው» አለች ተናኜ። መንገድ ላይ መቆማቸው ካልቀረ፣ ዛሬ እንኳ የሚሸኛት በር የለም ብላ ልቧን ሞላች።

«እኔማ የየኔታን ቁጥር ስለማልችለው በጥንቃቄ ነው የምኖር።»

«በምን ዓይነት ጥንቃቄ?»

«ተይ እንጂ ተናኜ፣ አንቺ ሳታውቂው ቀርተሽ ነው? አፋፉ ላይ ስደርስ እመለሳለኋ!» አለና መሬት መሬት እያየ ሳቀ።

ተናኜ ጭኗ ላይ ያለውን ቦርሳ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። በቦርሳው ውስጥ ያለው መዝገብ የዚህን ሰው ጥንቃቄ ከእሱ ይበልጥ ያውቀዋል። የአሥራ አንድ ወሩን ልጁን የከተበችው እሷ ናት፤ ሚስቱ ሰብሊ በዚያች ቀን እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «ተጠንቅቄያለሁ ሲለኝ አምኜው ነው ይህን የወለድኩት» ያለቻትም እሷን ነው። ማስረጃው እጇ ላይ ነው፤ ግን የሰብሊ ምስጢር ስለሆነ አይወጣም። እውነት ይዞ አለመናገር እንዴት እንደሚያንገበግብ የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው።

«ወንድሜ ወንዳወቅ» አለች ድምፅዋን አለስልሳ፣ «አፋፍ ላይ የደረሰ ሰው እግሩ ጠጠር ያንከባልላል። እሱ ቢመለስም ጠጠሩ ቀድሞት ወርዷል። ሰውየው ሳይሰማው፣ ገና ከመመለሱ በፊት የሚወጣ ጥቂት እርጥበት አለ፤ በውስጡ ዘር ሊኖርበት ይችላል። ለመፀነስ ደግሞ አንዲት ዘር ትበቃለች።»

«ጥቂትማ ምን ታደርጋለች!»

«እሺ፣ እሷን እንተዋት። ሁልጊዜ በሰዓቱ የሚመለስ ወንድ ማነው? ማኅበር ውሎ ጠላ የቀመሰ ዕለትስ? ደክሞት ዓይኑ የተያዘ ዕለትስ? በዓመት ሦስት መቶ ቀን ቢመለስና አንድ ቀን ቢዘገይ፣ ልጅ የምትመጣው በዚያች በአንዷ ቀን ነው። ምንም ካለማድረግ ይሻላል፣ እሱን አልክድም። ግን በዚህ ብቻ ከሚኖሩ መቶ ባለትዳሮች በአንድ ዓመት ውስጥ ሃያ ያህሉ ሳያስቡት ያረግዛሉ። ከአምስት አንዱ ማለት ነው። ከአምስት በሬዎችህ አንዱ በየዓመቱ ገደል የሚገባበት መስክ ቢኖር ታሰማራለህ?»

ወንዳወቅ ጥቂት አሰበና፣ «አምስት በሬ ከየት አምጥቼ!» አለ። መሪጌታ ከት ብለው ሳቁ። ተናኜ ዓይኗን ወደ ሰማይ ሰቀለች። ይህ የሀገራችን ሰው ሲከራከር ምሳሌ ይወዳል፤ ሲረታ ግን ምሳሌዋን ራሷን ይዞ ይጠፋል።

በዚህ መሐል ሹፌሩ «ጉልበት ያላችሁ ኑ!» ብሎ ሲጣራ ወንዳወቅ ክሪክ ሊያግዝ ተነሥቶ ሄደ። መሪጌታም ወደ ተናኜ ዘንበል አሉ።

«ለእሱ ያልሽው ልክ ነው። የእሱ ነገር ገደል ነው። የኔ ግን ሒሳብ ነው። እኔ የመቶ ዓመት ፋሲካ መቼ እንደሚውል እዚህ ተቀምጬ የማወጣ ሰው ነኝ። አበቅቴውን ከመጥቅዕ፣ ነነዌን ከመባጃ ሐመር ሳላዛንፍ የማገኝ ሰው የአንዲት ሴት ቀን ያቅተኛል?»

«እስኪ እንዴት እንደሚቆጥሩት ይንገሩኝ መሪጌታ። ነውር የለውም፤ እኔ እዚህ እንደ ሐኪም ነኝ።»

መሪጌታ ዙሪያቸውን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቀላል ነው። መሬት ዘር የምትቀበለው ዝናብ በጣለ ማግስት ነው። ሴትም እንዲሁ። ደሟ በቆመ ማግስት ያለውን ሳምንት እሸሻለሁ። መካከሉ ደረቅ ነው፣ ችግር የለውም።»

ተናኜ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች።

«መሪጌታ! ሁሉንም ገልብጠውታል እኮ! ዘር የምትቀበለው እንቁላል የምትወጣው የሚቀጥለው ደም ሊመጣ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። መካከሉ ላይ ማለት ነው። ደረቅ ያሉት እሱ ነው እርጥቡ! የሸሹት ሳምንት አደጋው አነስ ያለው ነው፣ የገቡበት ደግሞ ዋናው።»

ሊቁ ቅንድባቸውን አጠጋጉ። ከዚያ ግን እንደ ሊቅ ቶሎ መልስ አበጁ። «እንግዲያውስ ምን ችግር አለ? ቁጥሩን አዙሬ መካከሉን እሸሻለሁ። አበቃ!»

«የትኛውን መካከል?»

«የወሩን ነዋ።»

«ወሩ መቼ እንደሚያልቅ ሳያውቁ መካከሉን በምን ያውቁታል? ያስተውሉኝ አባቴ። እንቁላሏ የምትወጣበት ቀን የሚቆጠረው ገና ካልመጣው ደም ተነሥቶ ወደኋላ ነው። ያ ቀን ቢቀድም ይቀድማል፣ ቢዘገይ ይዘገያል። የወንዱም ዘር በማኅፀን እስከ አምስት ቀን ይቆያል፤ እርስዎ የረሱት ሰኞ ቅዳሜን ይጠብቃል። ባሕረ ሐሳብ የማይዛነፈው ጨረቃን ስለሚቆጥር ነው። ጨረቃ አልወለደችም፣ አታጠባም፣ ወባ አይዛትም፣ ልጅ ታሞባት ቁጭ ብላ አታድርም። ባንቺአየሁ ግን ይህ ሁሉ አለባት!»

«በዚህ ላይ እኮ ጾሙ አለ» አሉ መሪጌታ ሳይሸነፉ። «ዓቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ ጾመ ነቢያት፣ ረቡዕና ዓርብ፤ ከታቀብንበት የተረፈውን ቀን ብትቆጥሪው ለወፍ አይበቃም።»

«ጾሙ ቅዱስ ነው። ግን የእንቁላሏን ቀን አይጠይቅም። በእኔ መዝገብ በየትኛው ወር ብዙ ልጅ እንደሚወለድ ያውቃሉ? በጥር። ከጥር ዘጠኝ ወር ወደኋላ ይቁጠሩ።»

መሪጌታ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ታኅሣሥ፣ ኅዳር፣ ጥቅምት… ሚያዝያ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «ፋሲካ» አሉ ቀስ ብለው፤ ወዲያው ግን ጭራቸውን አወዛወዙ። «የሆነው ሆኖ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በቁጥሬ ኖሬያለሁ፤ ባንቺአየሁ አላረገዘችም። ከሥራ የበለጠ ምስክር የት አለ?»

«ወር አበባዋ መቼ ተመለሰ?»

«ከመስከረም ወዲህ ነው። እስከዚያ ታጠባ ነበር።»

«ታዲያ ሁለት ዓመት የቆጠሩት ምኑን ነው? ያቆየዎት ጡቷ ነው፤ እሱም ዕድል ሆኖ ነው፣ ከስድስት ወር ወዲያ አይታመንም። ቁጥርዎ ገና ሁለት ወሩ ነው! በትክክል ለሚይዙትም እንኳ ቢያንስ ስድስት ወር ሳይጠቀሙበት መመዝገብ ይፈልጋል። እንደ ሰው ልማድ በቁጥር ብቻ ከሚኖሩ መቶ ሴቶች ሩብ ያህሉ በዓመት ውስጥ ያረግዛሉ። ከሌላው ሰው ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ እርስዎ ቤት ያለው ነው፤ የእርስዎ ቤት ስህተት የሚችል ቤት አይደለም።»

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል ተናኜ።»

«ልጁስ በዕድሉ ይደግ። እናቱ በማን ዕድል ትሙት?»

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች፤ አባቷ ለሚሆኑ ሰው እንዲህ ተናግራ አታውቅም። መሪጌታ አልተቆጡም። «ነገርሽ መረረኝ» አሉ። «ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን መድኃኒት በሰው ገላ ቀብሮ የፈጣሪን ደጅ መዝጋት አልዋጥልሽ አለኝ። ቁጥሩን አስተካክላለሁ። ተይኝ።» ጎማው ተቀይሮ ስለነበር ተነሡ። እስከ ቡሬ ድረስ ሁለቱም ከማስነጠስ በቀር ድምፅ አላሰሙም።

ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ የነነዌ ጾምም ወጣ። በየካቲት አምስት ቀን ረፋዱ ላይ ተናኜ በጤና ኬላው ደጃፍ ክትባት ስትሰጥ መሪጌታ በዳገቱ ብቅ አሉ። ከኋላቸው ባንቺአየሁ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ትመጣለች። ተናኜ ገና ከሩቅ አረማመዷን አይታ ልቧ ወረደ።

መሪጌታ ገብተው እንደተቀመጡ ከእጀ ጠባባቸው ደረት ውስጥ ቁራጭ ብራና አወጡ። በጥቁርና በቀይ ቀለም፣ በግእዝ ቁጥር ጥንቅቅ ተደርጎ የተጻፈ ነው።

«ባንቺአየሁ ወሯ ቀርቷል፤ ያቅለሸልሻታል» አሉ። «ግን ፅንስ ሊሆን አይችልም። ቁጥሩ አይፈቅድም። አንቺ እንዳልሽኝ መካከሉን ሸሽቻለሁ። ስለዚህ ሌላ በሽታ ፈልጊላት።»

ሴትዮዋ ፊታቸው ተቀምጣ እያቅለሸለሻት፣ ሰውየው ብራናውን ነው የሚያምኑት። ተናኜ «እስኪ ያምጡት» አለችና ተቀበለቻቸው። «ደሟ የጀመረባቸው ቀኖች እነዚህ ናቸው?»

«አዎን። መስከረም አሥራ ሰባት፣ ጥቅምት አሥራ አምስት፣ ኅዳር ሃያ፣ ታኅሣሥ አሥራ ስድስት።»

«በመካከላቸው ያለውን ቀን ይንገሩኝ።»

«ሃያ ስምንት። ሠላሳ አምስት። ሃያ ስድስት። ሦስቱን ደምሬ ለሦስት አካፈልኩት፤ ወደ ሠላሳ ይጠጋል። ከሠላሳ አሥራ አራት ቀንሼ አሥራ ስድስተኛው ቀን ላይ አረፍኩ። ጥር አንድ ማለት ነው። ሁለት ቀን ከፊት፣ ሁለት ቀን ከኋላ ጨምሬ ከገና እስከ ጥር ሦስት ታቅቤያለሁ።»

«ሒሳቡ ትክክል ነው። አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ከነዚህ ከሦስቱ ሠላሳ ቀን የሆነው የትኛው ነው?»

መሪጌታ ብራናውን መልሰው አዩት።

«አንዱም አይደለም» አለች ተናኜ። «እርስዎ የያዙት ያልነበረ ወር ነው። አሁን እኔ የተማርኩትን ደንብ ልስጥዎና እርስዎ ያስሉት። ካጠረው አሥራ ስምንት ይቀንሱ።»

«ከሃያ ስድስት… ስምንት።»

«ከረዘመው አሥራ አንድ ይቀንሱ።»

«ከሠላሳ አምስት… ሃያ አራት።»

«መሸሽ የነበረብዎ ከስምንተኛው እስከ ሃያ አራተኛው ቀን ነው። ስንት ቀን ሆነ?»

«አሥራ ሰባት» አሉ መሪጌታ። ድምፃቸው ደከመ። «እኔ አምስት ነው የሸሸሁት።»

«አሥራ ሰባቱም ቢሆን ስድስት ወር ለመዘገበና ቀኗ እምብዛም ለማይዛነፍ ሴት ነው። እንደዚህ ከሃያ ስድስት ወደ ሠላሳ አምስት ለሚዘል ሰው መንገዱ አይሆንም። ይህን ነው እኮ ዋንዛው ሥር ስጮህ የዋልኩት! ይህን ነው…»

«ልናገር?» አለች ባንቺአየሁ።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት። ነጠላዋን ካፏ ላይ አውርዳለች። ፊቷ ገርጥቷል፤ ዓይኗ ግን ቁጣ ነው።

«ስለ ዋንዛው እሳቸው ነግረውኛል። ሁለታችሁ ስለኔ ገላ ስትሟገቱ ዋላችሁ፤ እኔ ግን አልነበርኩም። በጥቅምት ወባ ይዞኝ ሳምንት ስንቀጠቀጥ ያ ወር እንደሚዘገይ አውቅ ነበር። ድሮም ስታመም ይዘገያል፤ ሥራ ሲበዛብኝ ይዛነፋል። አንቱ ብራናው ላይ ጻፉ እንጂ አልጠየቁኝም።» ወደ ተናኜ ዞረች። «አንቺም እኅቴ፣ ቤቴ አራት ጊዜ መጥተሻል። አራቱንም ጊዜ በሬ ላይ ቆመሽ ያልሽው ‹መሪጌታ አሉ?› ነው። እሳቸው ከመለሱሽ እኔን ማን ያናግረኝ? ደሙ የፈሰሰው ከኔ ነው። ቃሬዛው ላይ ሆኜ ልጆቼን በስማቸው ስጠራ የነበርኩት እኔ ነኝ። አሁንም የምሞተው እኔ ነኝ።»

ተናኜ ጆሮዋ ድረስ ጋለባት። ሦስት ዓመት ሰዉን ሁሉ አይሰማም እያለች ስትማረር፣ እሷ ራሷ ያልሰማችው ሰው ይህን ያህል አጠገቧ መኖሩን አላሰበችም ነበር። ያ የስብሰባው ኃላፊ የጠየቃት ጥያቄ መልሱ መሪጌታ ብቻ እንዳልሆኑ ያን ጊዜ ገባት።

መሪጌታ ብራናውን አጠፉት። «ተሳስቻለሁ» አሉ። በሠላሳ ዓመት የማስተማር ዘመናቸው ይህን ቃል ከአፋቸው የሰማ ተማሪ የለም። «ባንቺአየሁ፣ ምን ይሁን? አንቺ ንገሪኝ።»

«መጀመሪያ መኖር እፈልጋለሁ» አለች። «ሌላውን ከኖርኩ በኋላ እነግርዎታለሁ።»

በዚያው ቀን ሦስቱም ቡሬ ጤና ጣቢያ ወረዱ፤ ምርመራው ፅንስ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማሳጠር፣ ባንቺአየሁ የደም ማነስ ክኒኗን ሳታቋርጥ ዋጠች፣ ክትትሏንም አልዘለለችም። ጳጉሜን ላይ ምጡ ሳይቀድማት ፍኖተ ሰላም፣ የመሪጌታ እኅት ከሆስፒታሉ አጠገብ ካላት ቤት ገባች። መስቀል ካለፈ በሁለተኛው ቀን ምጧ መጣ። እንደተፈራው ደሙ ጀመራት። ነገር ግን በዚህ ጊዜ በቃሬዛ ላይ ሳትሆን በአዋላጆች እጅ ላይ ነበረች፤ መርፌውም ደሙም ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። አንድ ሰዓት የማይሞላው ያ ጊዜ ለመሪጌታ ከዓቢይ ጾም ረዘመባቸው። አዋላጇ ወጥታ «ሁለቱም ደህና ናቸው» ስትላቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ሴት ልጅ ናት፤ ማርያማዊት አሏት።

ስድስት ሳምንት ሲሞላት ባንቺአየሁ ተናኜን አስጠርታ፣ «አሁን ንገሪኝ፤ ሁሉንም» አለቻት። ተናኜም ክኒኑን፣ በሦስት ወር የሚወጋውን መርፌ፣ በማኅፀን የሚቀመጠውን ሉፕና በክንድ ቆዳ ሥር የምትገባውን ቀጭን ዘንግ አንድ በአንድ አስረዳቻት። ዘንጓ ለሦስት ዓመት እንደምታገለግል፣ ከመቶ ሴቶች በዓመት የሚያረግዙባት አንዷን እንኳ እንደማይሞሉ፣ የወር አበባን ግን ልታዛንፍ ወይም ልታስቀር እንደምትችል፣ ባሰኛት ቀንም እንደምትወጣላት ሳትደብቅ ነገረቻት።

«መርሳት የማይገባባት፣ ማንም የማይቆጥርላት ይህቺ ናት» አለች ባንቺአየሁ፤ ክንዷንም ገልጣ አሳየች። ቡሬ ጤና ጣቢያ ስትገባላት መሪጌታ ማርያማዊትን ታቅፈው ደጅ ላይ ቆመው ነበር።

በጥር ወር ሰንበቴ ላይ፣ ጸበሉ ከተቀመሰ በኋላ መሪጌታ ተነሥተው ቆሙ። ሰዉ የበዓል ቀን ሊነግሩት መስሎት ዝም አለ።

«ወንድሞቼ፣ የምነግራችሁ የቤቴን ነው። ከወንዶቹ መካከል በቁጥር የምትኖሩ አላችሁ፤ ከኔ ነው የተማራችሁት። ስህተቱን ከኔ ተምራችኋልና እርማቱንም ከኔ ስሙ። ቁጥር ለበዓል ነው፤ ሚስት ትጠየቃለች እንጂ አትቆጠርም። በአፋፍ እመለሳለሁ የምትሉም አላችሁ፤ የእናንተ ደግሞ ከኔም የባሰ ነው። እኔ ቢያንስ የምሳሳተው በወረቀት ላይ ነው።» ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ባንቺአየሁ ዛሬ ጤነኛ ናት። ማርያማዊት ጡት ሳይነጠቅባት ትጠባለች። ሕፃን ስታዝል ከትምህርት የቀረችው ታላቂቱ ልጄ ቡሬ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። ዘንድሮ በርበሬውን የለቀምነው ሁለት ሆነን ነው። እግዚአብሔር ልጅ አልከለከለኝም፤ ሰባት ሰጥቶኛል። እናታቸውን ደግሞ እኔ ልጠብቅለት ሰጥቶኝ ነበር። ጎድሎብኝ የነበረው ያ ጥበቃ ነው። መከላከያው ለኔ ደጅ መዝጋት አይደለም፤ የተሰጠንን መጠበቅ ነው። የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ፣ ቤቴ ክፍት ነው።»

የሚከራከራቸው አልተነሣም። ከዳር የተቀመጠው ወንዳወቅ ብቻ ጠላውን እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ ቀረ።

ማክሰኞ ዕለት ወንዳወቅ ወደ ጤና ኬላው መጣ፤ ሰብሊ ከፊቱ ትሄዳለች። ገና በሩ ላይ ሆኖ፣ «ተናኜ፣ ያ የበሬው ነገር… እንዴት ነበር ያልሽው?» ሲል ጀመረ።

ተናኜ ያለቻትን አንዲት ደህና ወንበር ለሰብሊ አቀረበችላትና መዝገቧን ከፈተች። «ትንሽ ቆየኝ ወንዳወቅ» አለች። «ሰብሊ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»